በአርድ ኤል ሊዋ ስለ ደዌና ስለ ዘር የተደረገ ምልልስ

አርድ ኤል ሊዋ በታላቂቱ ካይሮ፣ በጊዛ በኩል፣ ቀድሞ የእርሻ መስክ በነበረ መሬት ላይ ያለ ፕላን የተሠራ ሰፈር ነው። ጥንት የመስኖ ውሃ ይወርድበት የነበረው መስመር ዛሬ የሰውና የቱክቱክ መተላለፊያ ሆኖ፣ ቀያይ የጡብ ፎቆችም በግራና በቀኝ ተፋፍገው ስለ ቆሙበት፣ በብዙው ቀጭን መንገድ ላይ ፀሐይ የምትታየው በቀትር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የባለጸጎቹ ሰፈር ሞሐንድሲን አለ፤ ከሐዲዱ ወዲህ ግን ኪራዩ ስለሚቀልለው ሐበሻው፣ ሱዳናዊውና ሶማሌው ከግብፃዊው ድኻ ጋር በአንድ ደረጃ እየወጣ በአንድ ደረጃ እየወረደ ይኖራል። ከዚህ በታች የተጻፈው ምልልስ የተደረገው በዚሁ ሰፈር፣ በአንድ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲጠጣ ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው በጎጃም ድጓ ያስተማሩ ሽማግሌ መሪጌታ፣ ሁለተኛዋ በአዲስ አበባ በነርስነት ሠልጥና አሁን በስደተኛው መካከል ከቤት ቤት እየዞረች ስለ ጤና የምታስተምር ሲስተር፣ ሦስተኛዋ ቡናውን ያፈሉት የቤቱ እመቤት፣ የወሎ ሰው ናቸው። ስማቸውን ያልጻፍሁት ነገሩ የጋብቻ ነገር ስለሆነ፣ የጋብቻ ወሬ ደግሞ በዚህ ሰፈር ከቱክቱክ ስለሚፈጥን ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ያስጠራሁሽ ለቡናው ብቻ አይደለም። እኔን እንደ አባት የሚያየኝ አንድ ወጣት ሚስት ሊያገባ አስቦ ሽማግሌ ሁነኝ ብሎኛል። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ በሰው ቤት ደክማ በምታገኘው ገንዘብ አገር ቤት ያሉ ታናናሾቿን ታስተምራለች። ነገር ግን አባቷ በደብረ ኤልያስ ገበሬ ሆኖ ሁለት እግሩ በዝሆኔ አብጦ እንደሚኖር በተሰማ ጊዜ፣ የወጣቱ አጎት ከአገር ቤት ደውሎ «ይህ ደዌ ከአጥንት የሚወርድ ነውና ዘር ቆጥረህ አግባ፤ ኋላ በልጆችህ ይመጣብሃል» ሲል ከለከለው። እኔ በድጓና በጾመ ድጓ እንጂ በዚህ ነገር ሊቅ አይደለሁምና፣ አንዳች ቃል ከመናገሬ አስቀድሜ አንቺን ልጠይቅ ወደድሁ። አጎትዬው ዋሸ ወይስ እውነት ተናገረ?

ሲስተር፦ አልዋሹም፣ መሪጌታ፤ የተናገሩት ግን ጎደሎ ነው፤ የጎደለውም ዋናው ነገር ነው። ዝሆኔ የምንለው ደዌ በመልኩ አንድ ቢመስልም በምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በቆላ አገር ትንኝ ከሰው ወደ ሰው በምታሻግረው ቀጭን ትል ይመጣል። ሁለተኛው፣ የጎጃም ገበሬ የሚታመመው ማለት ነው፣ ትልም ትንኝም የለበትም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ረቂቅ ቅንጣቱ ዘመኑን በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ቆዳ ሰርጎ ይገባና፣ ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ስሮች እያስቆጣ ይደፍናቸዋል። ፈሳሹም መመለሻ ሲያጣ እግሩ ከታች ጀምሮ እያበጠ ይሄዳል፤ ቆዳው ይደድራል፣ ይሰነጠቃል፣ ቁስሉም ይሸታል። ይህን ደዌ ከአፈሩ ጋር አዛምዶ በሰፊው ያስረዳው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የሠራ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት አይያዝም።

መሪጌታ፦ ምክንያቱ አፈር ከሆነማ የአጎትዬው ነገር ፈረሰ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። እኔ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አኮፋዳዬን አንግቼ፣ ደበሎዬን ለብሼ፣ ከደብረ ኤልያስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ያንን ቀይ ጭቃ በባዶ እግሬ ስረግጥ ብዙ ክረምት አልፎብኛል፤ እግሬም ይኸው እንደምታዪው ነው። አብሮኝ የለመነ፣ አብሮኝ በአንድ ጎጆ ያደረ ባልንጀራዬ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው እግሩ አበጠና ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። አፈሩ ያው፣ ጭቃው ያው፣ ባዶ እግርነቱም ያው ሆኖ ሳለ እኔን ትቶ እርሱን ስለ ምን መረጠው?

ሲስተር፦ የአጎትዬው እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በወላይታ በተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው ከሌላው ይልቅ በአምስት እጥፍ ያህል ለዚህ ደዌ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ በሚለይበት የዘር ክፍል ላይ በታማሚዎቹና በጤነኞቹ መካከል ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። የባልንጀራዎ ሰውነት ያንን ቅንጣት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ፣ የእርስዎ ሰውነት ግን በዝምታ አሳልፎታል ማለት ነው። በእርስዎ ብልሃት አልሆነም፤ በእርሱም በደል አልመጣም።

መሪጌታ፦ እንግዲያማ አጎትዬው ረታ!

ሲስተር፦ አልረቱም። በዚያው በ2012 በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ስለተደረገ ቆጠራ በታተመ ጽሑፍ፣ በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ከሞላ ሰዎች መካከል ዝሆኔ የተገኘባቸው ከመቶው 3.3 ያህል ናቸው፤ ብዙ ነው፣ ሆኖም በዚያው አፈር ላይ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው ደኅና ነው። እንዲሁም ይህ ደዌ ጥንት በቱኒስ፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ደሙን አልለወጠም፤ አፈሩንም ጠርጎ ወደ ባሕር አልጣለም፤ እግሩን በጫማ ሸፈነ እንጂ። እንግዲህ ከዚህች ልጅ የሚወለድ ሕፃን ከአያቱ ይወርስ እንደ ሆነ የሚወርሰው ደዌውን ሳይሆን በዚያ አፈር ፊት ያለውን ድካም ነው፤ ካይሮ ተወልዶ፣ ጫማ አድርጎ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ ላይ ለሚያድግ ልጅ ይህ ድካም የሚገለጥበት ጊዜ ከቶ አይመጣም። አገሩ ቢመለስም ጫማውን እስካላወለቀ ድረስ ያው ነው።

መሪጌታ፦ ድካም ያልሽው ቃል ደስ አሰኘኝ፤ ሊቃውንቱም ሥጋ ድኩም ነው ይላሉ እንጂ ሥጋ ኃጥእ ነው ብለው አይተዉትም። በወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ያነሡትን ጥያቄ ታስታውሺ ይሆናል፤ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። እኛ ግን ይኸው ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ያውም በሠርግ ዋዜማ! ደግሞም ሥጋ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከአራቱ ባሕርያት የተዋቀረ ነውና፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲሠለጥን ደዌ ይወለዳል ብለን ተምረናል። ሳይንሱ ይህን ይንቀው ይሆናል።

ሲስተር፦ አራቱን ባሕርያት ትቷቸዋል፤ በእነርሱ የተነሣውን ጥያቄ፣ ደዌ አንዱን ጥሎ ሌላውን የሚተወው ስለ ምን ነው የሚለውን፣ ግን አልተወውም። ከዚሁ ከጊዛ የተወለደ፣ በ11ኛው መቶ ዓመት የኖረ ዓሊ ኢብን ሪድዋን የሚባል ሐኪም ነበር። የቱኒስ አገር የቀይረዋን ሰው የሆነ ኢብን አል ጀዛር የሚባል ሌላ ሐኪም፣ ግብፅን ሳያይ ስለ ግብፅ አየር ክፋት መጽሐፍ ስለ ጻፈ፣ ኢብን ሪድዋን ተቆጥቶ የግብፅን ሰው ለምን ደዌ እንደሚቀርበውና በምን እንደሚጠበቅ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። ያን ጊዜ ፉስጣጥ ትባል በነበረችው ከተማ መንገዱ ጠባብ፣ ፎቁ ረዥም መሆኑን፣ ሰው የሞተ ድመትና ውሻ በየመንገዱ መጣሉን፣ የቆሻሻ መውረጃውም የሚጠጣው ውሃ ወደሚቀዳበት ወደ ዓባይ መፍሰሱን አንድ በአንድ ቆጠረ። የአገሩ አየር አንድ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይታመምም፤ ሰውነቱ የተሰናዳው ነው የሚወድቀው ብሎም አሰበ። ተሐዋስያንን አላወቀም፤ እንዲህ ያለውን ጠባብ መንገድ ግን ከሰገነትዎ ቁልቁል ያየ ያህል አውቆታል።

መሪጌታ፦ የዚህ ሕንፃ ባለቤት፣ ሐጅ የምንለው ሽማግሌ፣ ጉበቱን ታሞ ነበር። እርሱ መጠጥ አይቀምስ፤ ጾሙንም አያጓድል። ከወንድሞቹም ሁለቱ በዚሁ ደዌ እንደ ሞቱ ነግሮኛል። የእርሱስ ከዘር ነው እንዴ?

ሲስተር፦ በአንድ ቤት ተደጋግሞ የታየ ሁሉ ዘር ይመስለናል። የግብፅ ጉበት ታሪክ ግን ከዚህ የሚያሳዝን ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በዚሁ በካይሮ በቃስር ኤል አይኒ ሆስፒታል ሆኖ በሬሳ ውስጥ አንድ ትል አገኘ፤ በስሙ ቢልሃርዚያ የምንለው ደዌ መነሻው ይህ ትል ነው። ደዌው ግን አዲስ አልነበረም፤ በ1910 ሩፈር የሚባል ሐኪም 3,000 ዓመት ገደማ ከቆዩ የግብፅ ሬሳዎች ኩላሊት ውስጥ እንቁላሉን አግኝቷል። በመስኖ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያርስ ገበሬ ከፈርዖን ዘመን ጀምሮ ይህን ትል ሲሸከም ኖረ ማለት ነው። እንግዲህ መንግሥት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ ዘመቻ አድርጎ፣ ከአንቲሞን የተሠራ መድኃኒት በደም ስር መውጋት ጀመረ፤ አንዱ ሰው ደጋግሞ ስለሚወጋ፣ የመስተዋቱ ስሪንጅም ብዙ ሕዝብ ተሰልፎ ሲጠብቅ በሚገባ ሳይቀቀል ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ ስለሚያልፍ፣ ያን ጊዜ ስሙ እንኳ ያልታወቀ የጉበት ቫይረስ ከትሉ መድኃኒት ጋር አብሮ ተዛመተ። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ይህ ነው፤ በስም የተለየው በ1989 ነው። የሚዋጥ ክኒን ተገኝቶ መርፌው እስኪቀር ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ሆነ። በ2008 በግብፅ በተደረገ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ዓመት ከሆኑት መካከል ከመቶው ወደ 15 የሚጠጉት ቫይረሱ እንዳገኛቸው የሚያመለክት ደም ነበራቸው፤ በዓለም ይህን የሚያህል አልነበረም።

መሪጌታ፦ አምላኬ! ሐኪሙ ለፈውስ በሰጠው እጅ ሌላውን ደዌ ሰጠ በይኛ!

ሲስተር፦ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ግን እንዲያ ሆነ። ሐጅም ሆኑ ወንድሞቻቸው ለጉበት ደዌ የቀረቡት በአጥንታቸው አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት በገጠር ተወልደው ለዘመቻው ክንዳቸውን በመዘርጋታቸው ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ለሰው ደዌ ከአባቱ ስም ይልቅ የተወለደበት ዓመትና መንደር ይመሰክራል። ፍጻሜውን ደግሞ ልንገርዎ፤ መንግሥት በ2018 መጨረሻ «100 ሚሊዮን ጤና» የተባለ ዘመቻ አድርጎ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ መረመረ፤ የታመመውንም በነጻ በክኒን አከመ፤ በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ ይህን ደዌ ለማጥፋት በደረሰችበት ደረጃ መሰከረላት። ምርመራው ለስደተኛውም ተከፍቶ ነበር። ከእኛ ሰዎች ግን ስሜ ይመዘገብብኛል ብሎ የቀረ ብዙ ነበር፤ ይህን ስናገር እስካሁን ይቆጨኛል።

እመቤት፦ እኔም ከቀሩት ነኝ። ኋላ ስኳሩ ሲገኝብኝ ነው ሐኪም ቤት መሄድ የጀመርሁት። ሐኪሙም ገና ሳያየኝ «ጣፋጭ አብዝተሽ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ቆቦ የተወለድሁት በሰባ ሰባት ድርቅ ነው፤ እናቴ እኔን ስታረግዝ የበላችው ቅጠል ነበር። በሕይወቴ ሥጋ እንኳ አልበዛብኝም፤ ጣፋጭ ከየት አምጥቼ!

ሲስተር፦ እትዬ፣ አሁን የተናገሩት ለዚያ ሐኪም መነገር የነበረበት ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት፣ ጀርመኖች በሆላንድ ላይ እህል ከልክለው ሕዝቡ ተራበ፤ በዚያ ረኀብ ወራት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን በማስተናገድ ከሌሎቹ ደክሞ ተገኘ። በራያ ቆቦም የሰባ ሰባቱ ረኀብ በማሕፀን ሳሉ ባገኛቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የስኳር፣ የደም ግፊትና የስብ መዛባት በዝቶ ታይቷል። በማሕፀን ሳለ እህል ያጣ ሰውነት ጥቂቱን ይዞ መቆየትን ይማራል፤ በኋላ ዘመን ነጭ ዱቄቱ፣ ዘይቱና ሻዩ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ሲደርስበት መጣል አያውቅበትም። ከ1984 ጀምሮ ወደ እስራኤል የሄዱትም ወገኖቻችን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከአገሩ ሕዝብ በልጦ ተገኘባቸው፤ ያውም ሳይወፍሩ። ስለዚህ ቀጭን ነኝ ብሎ መዘናጋት ለሐበሻ አይሆንም።

እመቤት፦ ታዲያ የእኔ ኃጢአት አይደለም በይኛ።

ሲስተር፦ አይደለም። ብርጭቆው ውስጥ የሚጨመረው አራተኛ ማንኪያ ግን በእጅዎ ነው።

መሪጌታ፦ (እየሳቁ) ይኸው ተያዝሽ!

እመቤት፦ የጎረቤታችን የግብፃዊቷ ልጅስ? በፋሲካቸው ሰሞን እሸት ባቄላ በልቶ በማግሥቱ ዓይኑ ብጫ ሆነ፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቆረ። ሰፈሩ ሁሉ ዓይን በላው አለ።

ሲስተር፦ ዓይን አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቅ አንድ ኢንዛይም በአንዳንድ ሰው ያንሳል፤ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በአፍሪካ በብዙ ስፍራ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ባቄላ፣ ይልቁንም እሸቱን ሲበላ ደሙ በድንገት ይፈርሳል። ከእናት ስለሚወረስ የሚበዛው በወንድ ልጅ ነው። ፉል የጧት ቁርሱ በሆነበት አገር ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዳንድ የወባ መድኃኒትም እንዲሁ ይጎዳቸዋልና። የሚገርመው፣ ያው ጉድለት በወባ አገር ከጽኑ ወባ ይጠብቃል፤ በአንዱ ምድር ጋሻ የነበረ በሌላው ማዕድ ላይ ጦር ይሆናል ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ይህ ግሩም ነው። እንግዲህ ወደዚህ ሰፈር እንመለስ። እዚህ ሳንባ ነቀርሳ ይበዛል ይላሉ፤ ይህስ ከየት ነው?

ሲስተር፦ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው የነቀርሳውን ባክቴሪያ ሳይታመም በሰውነቱ ይዞ ይኖራል፤ በዕድሜው የሚታመመው ከእነዚህ ከመቶው ከ5 እስከ 10 ብቻ ነው። የተኛውን የሚቀሰቅሰው የምግብ እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ሲጃራ፣ እንዲሁም የእትዬን የመሰለ የስኳር በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ደግሞ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ በተከፈተ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ ማደር ነው። ኪራይ ለመቆጠብ ስንጨናነቅ የምናጣው አየሩን ነው። ፀሐይንም እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ተዘግታ የምትሠራ፣ ማታም ወደ ጨለማ ክፍል የምትመለስ ልጅ አጥንቷን የሚያጠነክረውን ቪታሚን ከፀሐይ አታገኝም። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ፀሐይ በሞላባት በአዲስ አበባ እንኳ እናቶች ዓይን ይበላዋል ብለው ሕፃኑን ጠቅልለው በጓዳ ስለሚያኖሩ፣ አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ለሐኪሞች እንግዳ አልነበረም።

መሪጌታ፦ እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር የተረዳሁትን ልናገርና አርሚኝ። ሰው ለደዌ የሚቀርበው በዘሩ ብቻ፣ በምድሩ ብቻ ወይም በሥራው ብቻ አይደለም፤ ሲገናኙ ነው። ከተገናኙትም መካከል የሰው እጅ የሚደርስበት አንዱን መያዝ ይበቃል፤ ለዝሆኔው ጫማ፣ ለጉበቱ ንጹሕ መርፌ፣ ለነቀርሳው መስኮት። አጎትዬው የያዘው ግን ማንም ሊለውጠው የማይችለውን ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ ሰውን ከመለየት በቀር ፍሬ የለውም።

ሲስተር፦ የማርመው የለኝም፤ አንድ ግን ልጨምር። አጎትዬው እንዲህ ስለሚሉ ነው ሰው ሁሉ የቤቱን ደዌ የሚደብቀው። ከታማሚ ጋር ሐኪም ፊት ቀርቤ «በቤተሰብሽ ስኳር፣ ግፊት፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ?» ስል፣ ከአሥሩ ሐበሻ ዘጠኙ ትዳር የሚፈርስበት ይመስል «የለም» ይላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ማየት የሚገባውን ሳያይ ይቀራል። ይህችም ልጅ ስታረግዝ፣ ስለ አባቷ እግር ሳይሆን ስለ እናቷ ግፊትና ስለ እኅቶቿ አወላለድ ለሐኪም መናገር አለባት።

መሪጌታ፦ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ወጣቱ ልጅቱን ያግባት። እርሷም በቤቷ ያለውን ደዌ ሁሉ ሳትደብቅ ትንገረው፤ እርሱም የራሱን ይንገራት፤ የአጎትዬውም ቤት ከደዌ የጸዳ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ለሠርጉ ከሚወጣው ገንዘብ ተቀንሶ ለአባቷ እግር በልኩ የተሰፋ ጫማ፣ ሳሙናና ቅባት ይላክለት፤ በዘመኑ ሁሉ እግሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሸፍኖ ይያዘው። ታናናሾቿም ትምህርት ቤት የሚሄዱት ጫማ አድርገው ይሁን። ለአጎትዬው የምደውልለት እኔ ነኝ።